ሰሌኑ

ከሌሊቱ በአስር፣ ዶሮ ሳይጮኽ ገና፣
አጎቴ መጣና
ለእህቴ ሰርግ ብለን ያኖርነውን ሰሌን፣
ጫፉ ቀይ ላባ ያለውን፣ እንደ ሐር የሚለሰልሰውን፣
አናቴ ላይ ጣለው፤
«ተንበርከክ» አለኝ፤ ሌላ ቃል የለው።

የሳቫይ ደንብ ነው፤ ደም ያለበት ሁሉ
ጎሕ ሳይቀድ ሄዶ ደጅ ይጥና ይላሉ፤
ባለደሙ ወጥቶ ሰሌኑን ከገፈፈ
ሰውየው ተረፈ፤
ካልገፈፈው ደግሞ እዚያው ፀሐይ ይምታው፣
ድንጋይም ቆንጨራም፣ የመጣው ይምጣው።

ጠጥቼ ነበር።
ይኸው ነው። የቀረውን ዳኛው ጽፎታል።
አውቶብሴ ቢጫ ነበረች፣ ወንበሯ እንጨት፤
ኢያኮፖ ሰባት ዓመቱ፣ በእጁ ግማሽ ፓፓያ።
ፓፓያውን እስካሁን አየዋለሁ፤
ልጁን ግን ላየው አልደፍርም።

ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያና ምሰሶ፤
ሰው ሁሉ ይታያል፣ ስቆም ሆነ አልቅሶ።
ስመጣ አይተውኛል።
ሰሌኑ ሥር ሆኜ ሰማሁ፦ የባሕሩን ድምፅ፣ የራሴን ትንፋሽ፣
ከዚያም እግር፤ የሴት፤ ቀስ የሚል፣ የማይሸሽ።
ማሲና ነበረች፣ የኢያኮፖ እናት።
ጫፉን ይዛ ሳበችው፤
አጣጥፋ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ጣለችው።
«ላፋኤሌ» አለች፣ «ግባ፣ ጤዛ ወርዶብሃል።»
በስሜ። «ሹፌሩ» አላለችም።

አሳማ ታረደ፤
ፓስተሩ ጸለየ፣ ነገሩ በረደ።
ሰሌኑ እሷ ጋ ቀረ፤ እህቴም ያለ ሰሌን ተዳረች።

እኔ ግን በሌላ ተከናነብኩ፤
እሷ የገፈፈችውን ሌሊት ሌሊት መልሼ ጎነጎንኩ፤
ሳልሞት ተገነዝኩ።
እሑድ እሑድ አገሩ ነጭ ለብሶ ሲወጣ
እኔ በግራጫ ሸሚዝ፣ ከዛፉ ሥር፤ ቡራኬው ሳይመጣ
ሹልክ ብዬ ወደ ቤቴ።
ጌታ ይምራል ሲሉኝ፣ አዎ፣ አምናለሁ፤
የተማረው እኔ መሆኔን ግን እጠራጠራለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ የስቅለት ዕለት፣
ፓስተሩ ሲያነብ፣ ልብሱን ሲካፈሉት፣
ጆሮዬ ቆመ።
አጎት አልነበረውም ሰሌን የሚጥልለት?
አልነበረውም። በቀትር፣ ከኮረብታው አናት፣
እናቱ እያየችው፣ መንገደኛው እየሳቀበት።
ያጠፋሁት እኔ በጨለማ ተሸፍኜ፣
ያላጠፋው እሱ በብርሃን እርቃኑን!
ታዲያ ሐፍረቴን ወስዶት ከሄደ፣ እስካሁን
ያቀፍኩት ምንድን ነው?
መልስ አላገኘሁም። ግን ቡራኬው እስኪያልቅ ቆየሁ።

ደወላችን አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤
ከዳቦ ዛፍ ቅርንጫፍ በሰንሰለት ያሰርነው።
ሲመሽ ለጸሎት ይመታል፤ የሚመታው ዲያቆኑ፣ የማሲና ባል ነው።
በማግሥቱ መዶሻውን ይዛ መጣች፤
«ወገቡን አሞታል፤ አንተ ደውል» አለች።
«እኔ? ሰው ምን ይላል?»
ይሉኝታዬን አየችው፤ እንደዚያን ሌሊት፣ በጫፉ ያዘችው፦
«ማን ደወለው አይሉም፤ መሸ ነው የሚሉት።»

የመጀመሪያው ሳተ፤ ሰንሰለቱን መታሁ፤ አንድ ልጅ ሳቀ።
ሁለተኛው ጮኸ፤ በጥቁሩ ድንጋይ አልፎ እስከ ባሕሩ ዘለቀ።
ውሾች ተነሡ፤ መንገደኛ ባለበት ቆመ፤
በየምሰሶው መሐል መብራት ተለኮሰ፤
ግድግዳ የሌለው ቤት ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።
እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።
መዶሻውን አላወረድኩም።
ሦስተኛውን መታሁ።