ለ፣ ተገልብጣ

ከካርኒ በስተደቡብ፣ የፕላትን ወንዝ ተሻግሬ፣
አስፋልቱ ካለቀበት፣ ጠጠሩ ጥግ መኪናዬን ሰትሬ፣
የሌሊት ፈረቃ ጓንቴን ገና አሁን አውልቄ፣
ካሜራዬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን አምቄ
እጠብቃለሁ።

ከአጥሩ እንጨት ጫፍ ላይ
አንዲት ወፍ፤ ጀርባዋ ደረቅ ሣር መሳይ፣
ደረቷ የእንቁላል አስኳል፤
አስኳሉ መሐል በከሰል የተጻፈች ፊደል፣
‘ለ’፣
ግን ግልብጥ ብላ፣ እግሮቿ ወደ ላይ።
ለማን እንደሆነ ሳትናገር
‘ለ’ን አንጠልጥላ የምትበር።

ሥራዬ ደም መለየት ነው።
ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ቀይ ከቀይ፣ ብልቃጥ ከብልቃጥ፣
ጠብታ ጨምሬ፣ አወዛውዤ፣ ይረጋ እንደሁ ሳፈጥ፣
ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት እያልኩ ስም ስለጥፍ ይነጋል።
ተሳስቼ አላውቅም። አንድ ሌሊት ብቻ ልሳሳት ነበርና
ከዚያ ወዲህ ያየሁትን አያለሁ እንደገና።

እነዚህም ሁለት ናቸው፤ የምሥራቅና የምዕራብ ሜዶላርክ፣
ከአንድ እንቁላል የወጡ እስኪመስሉ ልክ በልክ።
የምዕራቧ ቢጫ ከጉሮሮ አልፎ ጉንጯን ይነካል፣
የምሥራቋ ጉንጭ ነጣ ይላል፣ ጅራቷም ነጭ ይበዛዋል።
መጽሐፉ እንዲህ ይላል።
መጽሐፉ የማይለው፣ ሐምሌ ላይ ላባ ሲያረጅ፣
ፀሐይ ከወፏ ጀርባ ወጥታ ዓይንን ስትፈጅ፣
ጉንጭ የሚባል ነገር እንደሌለ ነው።

ኦሃዮ ብሆን አልጨነቅም፤ ሞንታናም ብሆን እንዲሁ፣
እዚያ አገሩ ራሱ ይመልሳል።
እዚህ ግን፣ ረግረጉ ደረቁን በሚነካበት፣ ሁለቱም አሉ።
አርባ ሦስት ፎቶ አነሳሁ።
አርባ ሦስቱም ዝም አሉ።

የመስኩ ባለቤት ቬልማ ኮቫንዳ በትራክተሯ ደረሰች።
ፎቶውን ባሳያት፣ “ዓይኔን ስኳር ወስዶታል፤ ጆሮህን አውሰኝ” አለች።
ሞተሯን አጠፋች።

ወፏ ዘፈነች። ረጅም፣ ጥርት ያለ ፉጨት፤
“የምሥራቅ ናት!” ብዬ ብዕሬን ሳወጣ
ደግሞ ሌላ ጀመረች፤ አንገተ ጠባብ ገንቦ ውስጥ ውሃ እንደሚንቆረቆር፣
የምዕራቧን ዜማ፣ ቃል ሳታስቀር።
(ወንድ ነው ለካ፤ የሚዘፍነው ወንዱ ነው።
በአማርኛ ወፍ ሁሉ ሴት ናትና
ስሙን ሳላውቅ ጾታውንም ስቻለሁ ገና።)

ቬልማ ሳቀች። “ዘፈን ከጎረቤት ይለመዳል።
አባቴ የሚያውቀው አንድ አየርላንዳዊ ነበር፤
በቼክኛ እያንጎራጎረ ነው ላም የሚያልበው።
ሲደነግጥ ጠብቅ። ድንጋጤ አስተማሪ የለውም።”

ጠበቅን።
የጭልፊት ጥላ ሣሩን እንደ መቀስ ቆርጦ አለፈ።
“ቸፕ!”
አጭር፣ ደረቅ፣ ካልታሰበ ጉሮሮ ያፈተለከ።
“የምዕራብ” አለች ቬልማ፣ ሞተሯን እያስነሳች።

“ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች” ሲባል ስንት ዓመት ሰምቻለሁ፣
ቃሉን ግን ዛሬ ሰማሁት፦
ትጮኻለች ነው እንጂ ትዘፍናለች አይልም።
ያን ሌሊት፣ ሁለቱን ብልቃጥ ላለዋውጥ አንድ ስንዝር ሲቀረኝ፣
“በስመ አብ!” ብዬ ነበር የጮህኩት፤
አብራኝ የምትሠራው ብሪያና ብዕሯን አንስታ
“የየትኛው በሽተኛ ስም ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

አርባ አራተኛው ፎቶ ላይ ወፍ የለም፤
ጣቴም ደንግጦ ነው የተጫነው።
አጥር፣ ሰማይ፣ ያዘመመ እንጨት።
ስሙን የጻፍኩት እሱ ላይ ነው።