የኪራይ ንባብ

ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ከጥላው፣
ስሙም ሥራውም አንድ ነው፤ ጋዜጣ አከራይ ዘርጋው።
ነፋስ እንዳይወስድበት በየማዕዘኑ ጠጠር
ጭኖ ያሰጣዋል የዓለሙን ነገር።

እኛም ደንበኞቹ፣ በለስላሳ ሣጥን፣ በተሰበረ ብሎኬት፣
ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ ሁለት ብር ለግማሽ ሰዓት፣
ክፍት የሥራ ቦታ እናያለን፤
የተገኘውን ስልክ ቁጥር ክንዳችን ላይ እንጽፋለን።
ጋዜጣው ላይ መጫር ነውር ነው።
«ከናንተ ኋላ» ይላል ዘርጋው፣ «ስንት ዐይን ነው የሚያየው!»

ያን ማክሰኞ ግን ማንም ሥራ አልፈለገ፤
ሁሉም ወደ ፊት ገጹ አንገቱን አሰገገ።
የባሕር ማዶው መሪ፣ የባለጸጎቹ አውራ፣
ስለ ድሃ አገሮች ችግር ከስብሰባ መልስ ሲያወራ፣
ውሃውን ጎንጨት አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ፣
«ሕመማቸው ከጓዳ ነው» አለ፣ በፈገግታ አባብሎ።
አዘጋጁም የቀረውን ቃል በጉልህ ቀለም አወጣው፦
«ሰባት ሰባት ለሚወልድ ምን ገንዘብ ይበቃል?»

ስሜን አየሁ።
ከሰውየው ፎቶ ሥር፣ ከጥያቄ ምልክት አጠገብ፣
ስሜን።
ሰባተኛ ነኛ። ይበቃል ነው ስሜ።

እናቴ ናት ያወጣችው፣ ሳታስበው፣ ከሥላሴ ጀርባ፣
ጣራው በሚያፈስ ቤት፣ ገና ከአራስ ፍራሿ ሳትነሳ።
አባቴ «ማን እንበለው?» ሲል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ
«ይበቃል» አለች።
እሱ ስም መሰለው።
ቀበሌም መዝግቦ ማኅተም መታበት።

ከኔ በፊት ሁለቱን ባንድ ሳምንት ኩፍኝ ወስዶባታል።
ሰውየው ሲቆጥር መቀነስ አልተማረም።
እሷ ግን ስትወልድ
ለሚሞተውም ጭምር ነበር የምትወልደው።

ቦታው ጠበበ። ሙግት ነደደ።
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ አቶ ደምመላሽ፣ መነጽሩን አወለቀ፦
«የሱ ቅድመ አያቶች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ወልደው
በመርከብ ጭነው አይደል እንዴ ዓለሙን የሞሉት!»
ተሳቀ፤ ተጨበጨበለት።
ሲስተር ወይንሸት ግን፣ ከነነጭ ጋዋኗ፣ ለምሳ ወጥታ፣ አልሳቀችም።
«ስድቡስ ስድብ ነው። እኔ ትናንት ስድስት ሴት ባዶ እጇን መለስኩ፤
የወሊድ መከላከያው መርፌ አልቋል።
የሚልክልን የማን አገር እንደነበር ታውቃላችሁ?»
አላወቅንም። በአገጯ ወደ ፎቶው ጠቆመችን።

«እውነቱን ነው!» አለ ከወደ ኋላ አንድ ልጅ፣
ዲግሪውን በፌስታል ይዞ።
ሁላችንም ዞረን ልንበላው፦
«ባንዳ! አንተስ ለእናትህ ስንተኛዋ ነህ?»
«የመጀመሪያ» አለ።
«ስድስቱን የማበላ።»

ዝም አልን።
አንድ አንበሳ አውቶቡስ ጭሱን ለቆብን አለፈ፤
መምህሩ መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ፣ የጠራውን።

እኔም ብዕሬን አወጣሁ። ከፎቶው ጎን ነጭ ኅዳግ አለ፣
ላንድ ዐረፍተ ነገር የሚበቃ።
ዘርጋው እጄን ያዘኝ፦
«ወንድሜ፣ የኪራይ ነው።
ደሞም ሰዓትህ አልቋል።»

ልክ ነው። የሱ ንግግር ታትሞ ይዞራል፤
የኔን መልስ ኅዳጉም አላከራየኝ።
መዳፌን ገልብጬ ስሜን ብቻ ጻፍኩ፣
ያለ ጥያቄ ምልክት።

«ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! የሞላ!» ረዳቱ ይጮኻል፤ ተሳፈርኩ።
ሂሳብ ስሰጠው ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤
አሥር ብሩ ላይ ግልብጥ ብሎ ታተመ።
ልጁ አላየውም። ለሁለት አጠፈና
ከሌሎቹ ብሮች ጋር በጣቶቹ መሀል ሻጠው።