የጠርዙ እርሳስ

ከድንጋዩ አምባ ተንደርድሮ ሲወርድ፣
መንገደኛው ሁሉ ሲይዝ የግንብ ገመድ፣
ቦራ ይሉታል ስሙን፤ እንደ ቦራ በሬ
ግንባሩ ላይ አረፋ፣ ያልገራው ገበሬ፣
የማንንም ቀሚስ ገልቦ የሚያይ፣
የዳኛን ሚስት ከልብስ አጣቢ የማይለይ።
በትሪየስቴ፣ በወደቡ ዳር፣
ክረምት ማለት ይኸው ነበር።

አያቴ ኦርሶላ፣ ልብስ ሰፊዋ፣
መላ አላት በጣቷ፣ እርሳስ በቆርቆሮዋ፤
በየቀሚሱ ጠርዝ፣ በዕጥፋቱ መሐል
ትቀረቅራለች ሽምብራ የሚያህል።
ለዓሣ ሻጭ ሃያ፣ ለመምህርት አርባ፣
ለዳኛው ሚስት ስልሳ፣ ነፋስ እንዳይገባ።
«ክብርና ክብደትን» ትላለች «ማን ለየ?
ጨዋ ሴት መሬት ናት፤ ማን ስትበር አየ?»

ወይዘሮ ኤርሚኒያ፣ የዳኛው ባለቤት፣
ስታልፍ ባደባባይ በእሑድ ጠዋት፣
ጠርዟ ድንጋይ ሲጠርግ፣ ሲንኳኳ ከኋላ
«ግርማዋ!» ይል ነበር የካፌው ሰው ሁላ።
ቁርጭምጭሚቷ ግን በልዞ ነበር፣
እርሳሱ ሲመታው ከዳር እስከ ዳር።
ይህን የምታውቅ አያቴ ብቻ ናት፣
መርፌ በከንፈሯ፣
ተንበርክካ ስትለካላት።

ከዚያ ጦርነት መጣ።
ወንዱ በባቡር ወደ ጋሊሲያ ወጣ፤
ትራሙ ግን አይነዳ፣ አይሄድም ብቻውን፣
ትኬት ቆራጭ ሆነች ዞርካ፣ አንጠልጥላ ቦርሳውን።
ገባች አንድ ማለዳ፦ «ኦርሶላ፣ አሳጥሪልኝ፣
የትራሙ ደረጃ ቀሚሴን ይዞ ሊጥለኝ!»
ስንት ይቆረጥ? ሦስት ጣት።
በሳምንቱ፣ አራት።
ፋሽን አልነበረም፣ ፓሪስ አላዘዘም፤
የደረጃ ቁመት ነው፣ ሌላ መምህር የለም።

የተፈታው እርሳስ ቆርቆሮውን ሞላ።
ወታደር መጣ አንድ ቀን፣ ሚዛን ይዞ፣ ኋላ፦
«መዳብ ያለሽ፣ እርሳስ ያለሽ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ!»
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ ሄደ ከቤቱ።
ቀልጦ ጥይት ሆነ።
የማን ቀሚስ ፍሬ
የማንን ልጅ ደረት እንዳገኘ
ማን ያውቃል እስከ ዛሬ?

በጥቅምት ኤርሚኒያ መጣች፣ ከል ለብሳ፣
የልጇ መርዶ በደረሳት በሳልስቱ፣ አንገቷን ሳታነሳ።
ወንበር ተሰጣት፤ አልተቀመጠችም።
«አውጪልኝ» አለች «ይህን ሁሉ እርሳስ።»
«ነፋሱስ፣ እመቤቴ?»
«ይግለበኝ። ከዚህ በላይ የት ሊደርስ?»
አያቴ ወለሉ ላይ፣ በምላጭ፣ እስኪመሽ
ስልሳውን ለቀመች፤ አንዱ ተንከባልሎ
ከስፌት መኪናው ሥር ቀረ።
ኤርሚኒያ ወጣች፤ ቀሚሷ ተነፋ እንደ ሸራ፣
ገመዱን ሳትይዝ ሄደች፣ ከቦራ ጋራ።

እናቴ ዶሪና በጠርዟ እርሳስ አታውቅም፤
የሷ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ነው፣ ካልጻፈችበት አይወርድም።
ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ፣
በኢንሹራንስ ቢሮ የሰጠመ መርከብ ስትደምር የምትውል፣
«ስማቸው አንድ ነው» ትል ነበር፣
«አንዱ ሴት ያስቀምጣል፣
አንዱ ደመወዝ ያመጣል።»
ኦርሶላ አልተቆጣችም፤ ኪስ ሰፋችላት ብቻ፣
ለዚያች ለእርሳሷ መክተቻ።

እኔ ኒቬስ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ሱቁን አልዘጋሁም፤
ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ሌላ አልተማርኩም።
የተረፈውን እርሳስ ልጄ ለመንጠቆው ይወስዳል፣
በገመዱ ጫፍ አስሮ ባሕር ውስጥ ያሰምጣል።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ልጅ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት፣
«መሬት የሚደርስ ስፊልኝ» አለች፣ «የቅድመ አያቶች ዓይነት።»
«ነፋሱስ?» አልኳት፣ ቆርቆሮዬን እያየሁ።
ሳቀች፤ «ለሱ አይደል እንዴ!»
ጨርቁን ዘረጋሁ።