ስለት

ሁለት ጨረቃ አላት ኦርሳን የጨው አገር፤
ትንሿ ስትጠልቅ፣ ከባሕሯ ዳር
አርባ ሆነን ወረድን፤ ችቦ በግራችን፣
ሰይፍ በቀኛችን።

ጥፋታቸው አንድ ነው፦ «አንድ ነው» ማለት።
(ጸሐፊው ጨመረ፦ ልጅ ለጦር አለመስጠት።)

ቤተ ጸሎታቸው ጣሪያ የለውም፤
ልንሰብረው መጥተን በር አላገኘንም።
የሸንበቆ ጀልባው በየተራ ነደደ፤
ማንም አልሸሸብን፣ ማንም አልማለደ።
ዓሣ ሲጠብሱ ነበር። ፍሙን አሰፉልን፣
እንደ ዘገየ እንግዳ ቦታ ለቀቁልን።

ኦቬና የሚሏት መረብ ጠጋኝ ነበረች፤
ሰይፌ አንገቷ ላይ ሲያርፍ መርፌዋን አስቀመጠች።
«እናትህ ስትቆጣ ማን ብላ ነው የምትጠራህ?
ዛሬ ማታ እሱ ዘንድ ማን ብዬ ላማልድህ?»

ስሜን ፈለግሁት። የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
«ዘጠነኛው! ዘጠነኛው!» ሲሉ፣ ሲሉ፣ ሲሉ...
እሷ ጠበቀችኝ። ዓሣው እያረረ፤
ጓዶቼ ሲጣሩ ጆሮዬ ደነቆረ።

ስድስት ሰው ገደሉ። እኔ አልዋሽም፣
የአንዱ እጅ ከሰማይ ሰይፍ አልመለሰም።
ሰባተኛው ሟች የኛ ነው፣ ሰክሮ የሰጠመ፤
ከነሱ ጎን ለጎን በዚያው ጨው ታተመ።
ኦቬና ለሱም አለቀሰች፤ ያውም ድምፅ አውጥታ፣
አፍንጫዋን በመረቡ ጫፍ ጠርጋ፣ ደግሞ ተቀምጣ።

ሠላሳ ስምንቱ በመጡበት ሄዱ።
ስሜ እስካሁን አልመጣም። ረዘመ መንገዱ።
መረብ ስጠግን ውዬ፣ ጣቴን ስወጋ እስቃለሁ፤
«ምን አስቀረህ?» ላለኝ ይህንኑ እላለሁ፦
በስለት መጥቼ፣
በስለት ቀረሁ።