እንመለስ?

ቁልፉን ቆልፌያለሁ፤
አንዴ ስቤዋለሁ፣ ሁለቴ ስቤዋለሁ፤
ሦስተኛው ላይ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበርና
አይቆጠርም ብዬ፣ ከአንድ እንደገና።

ነዚፍ ባጃጁን አስነስቶ ይጠብቃል፣
የጅማ ዝናብ ሸራውን ይወቃል።
ከቤቴ እስከ ሆስፒታሉ በር መንገዱ አጭር ነው፤
መሐሉ ላይ ግን የአዌቱ ድልድይ አለው።
እዚያ ስንደርስ ነው ሁሌ የሚመጣው፦
ሲሊንደሩን ዘጋሽው?
ዘግቻለሁ። የብረቱ ቅዝቃዜ ከመዳፌ ገና አልጠፋም፤
ልቤ ግን ምስክር ቢቀርብለትም አያምንም።
እሳቱን ያሳየኛል፤ መጋረጃው ሲያያዝ፣
ከግድግዳው ማዶ የዘሐራ ሕፃን እንደተኛ በጭስ ሲያዝ።
«ነዚፍ፣ ዛሬም ላስቸግርህ።»
ያዞራል። ምንም ሳይል ያዞራል።

ሥራዬ ክኒን መቁጠር ነው፤ በሰማያዊ ትሪ ላይ፣
አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፤ ቀና ብዬ ሰው ሳላይ።
ባለፈው ለአንድ የሰቃ ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒት ሰጥቼ፣
ሄዱ። ቆየሁ። ከዚያ ሮጥኩ፣ በነጭ ጋዎኔ፣ ወረፋውን ትቼ።
መናኸሪያ ደረስኩባቸው፣ አንድ እግራቸው ሚኒባሱ ላይ፤
«አባባ፣ ላስቲኩን ይፍቱልኝ፣ አንዴ ልይ።»
ትክክል ነበር። ስሙም፣ መጠኑም፣ ቁጥሩም።
«እንዳንቺ ያለ አሳቢ ልጅ አላየሁም፣
አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው» አሉኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው።
ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ የሰው ዕቃ እንዳነሳ ሰው።
ማታ፣ አልጋዬ ላይ፦
ደህና አድርገሽ አይተሻል? ወይስ ቸኩለሽ ነበር?

ጭንቀትን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል።
ደረት ያጠባል፣ ጣት ያደነዝዛል፣
መስኮት ከፍቼ ስቀመጥ ቀስ እያለ ይሄዳል።
ይኼኛው ግን ሥራ ያዛል።
ተነሺ ይላል። ድገሚ ይላል።
ስደግም ለአንድ አፍታ ዝም ይላል፣
ዝምታው ደግሞ ይጣፍጣል።
ዕዳው እዚያ ጋ ነው፤ እዚያ ጣፋጩ ላይ።

እናቴ ወስዋስ ትለዋለች።
ዉዱኤን ለአራተኛ ጊዜ ስጀምር ከኋላዬ ቆማ
«ውሃው በቃኝ አለ፣ አንቺን አልበቃሽም?» ብላ
ጀሪካኑን ወሰደችው።
ተቆጣሁ።
እውነቷን ስለሆነ ይሆናል የተቆጣሁት።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ።
ዛሬ አልናገርም ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።
ድልድዩ ጋ ነዚፍ ራሱ ፍጥነት ቀነሰ፣
በመስታወቱ አየኝና
«እንመለስ?» አለ።
ሳይስቅ። ዝርዝር አለሽ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው።
የእኔ ምሥጢር ነው ያልኩት ለካ
የእሱ መንገድ ሆኖ ኖሯል።
ማታ፣ በዚያ ወር ለመመለስ ብቻ የከፈልኩትን ደመርኩ፤
የቤት ኪራዬ ሲሶ።
አንዴ ደመርኩት። መድገም አልፈለግሁም።

ከፋርማሲዬ እስከ አእምሮ ሕክምናው ክፍል ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው
(ምን ላድርግ፣ ቆጥሬዋለሁ)።
የዶክተር ኩመራን የእጅ ጽሑፍ ስንት ዓመት ለሰው ሳነብ የኖርኩ፣
የራሴን ካርድ ከጠረጴዛው ማዶ ተገልብጦ አነበብኩት፤
አንድ ቃል፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት።
«ሊሆን ይችላል» አለኝ፤ «ከጭንቀት ጋር ተደርቦ የሚመጣበት ጊዜ አለ።
ቀስ ብለን እናየዋለን።»
«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።
ተያየን።
ከዚያ ሳቅ አፈነን፣ ሁለታችንንም።

በማግስቱ ድልድዩ ጋ፣
አዌቱ ደፍርሶ፣ ላስቲክና ቅጠል እየገፋ ሲወርድ፣
ጥያቄው በሰዓቱ ከተፍ አለ። ነዚፍም ቀነሰ።
«እንመለስ?»
«ሂድ።»
«እርግጠኛ ነሽ?»
«አይደለሁም። ሂድ።»

አልዋሽም፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ለዘሐራ ደወልኩ።
አታነሳም።
ድጋሚ አልደወልኩም፣
እስከ አራት ሰዓት።