የውሰት ዓይን

ፌርባንክስ፣ የካቲት፤ ከዜሮ በታች አርባ፤
መኪናው እንደ ጥጃ በገመድ ታስሮ ከግድግዳው መብራት ሲጠባ፣
እኔ መሰላል ላይ፣ መፋቂያ በእጄ፣ የቅባት ጣሳ በጉያዬ፣
ሰማይ ከሚያዳምጠው ሳህን ከንፈር በረዶ መፋቅ ነው ሙያዬ።

ውስጥ ያለችው ቨርና ዴሞስኪ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፤
አባቷ በዩኮን ወንዝ ሳልሞን ያጠምዳል፤ እሷም እንደሱ ዝምተኛ።
መረቧን የምትጥለው ግን ወደ ላይ ነው።

ነገሩ የውሰት ነው።
ጃፓኖች፣ ከዓመታት በፊት፣ ደመና የሚያይ ዓይን ሠርተው፣
ሮኬት ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ ቆጥረው ሰደው፤
የሮኬቱ ሆድ ፈሳሽ ነበር፣ ከኛ ክረምት የባሰ ብርድ፣
ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፣ ሲገናኝ የሚነድ፤
መሐል መንገድ ላይ ግን ሞተሩን ትን አለው፤
ዓይኑን ከነሽፋሽፍቱ ባሕሩ ዋጠው።

ላይ የቀረው አሮጌያቸው ሞራ ለብሶ ሲጨልምበት፣
ጎረቤት ጠየቁ፣ እንደ በሬ፣ እንደ ወንፊት፦
«የተረፈ ዓይን አላችሁ? ለጥቂት ክረምት።»
ነበረን አንድ። መዘውሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ጡረታ የወጣ፣
እዚያው ሰማይ ላይ የተሰቀለ የጓዳ ዕቃ።
በቀን ትንሽ ትንሽ ገፍተን፣ ፓስፊክን አሻገርነው፤
ዓይኑ የኛ ነው፤ የሚያየው ለነሱ ነው።

ቨርና የባሕር አውሎ ነፋስ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤
መስኮቷም ውርጭ ነው፣ ምንም አያሳይም።
እሷ እዚህ ቁልፍ ስትጫን ግን፣ በዚህ ጨለማ፣
የማታውቀው ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ያስራል፣ ወሬ ሰማ፤
የማታውቃት ሴት በኦኪናዋ፣ ሰማዩ ገና ጥርት እንዳለ፣
ልብሷን ከገመድ ትሰበስባለች፣ ማን እንዳየላት ሳትጠይቅ፣ ቶሎ ቶሎ።

ዛሬ ሌሊት አዲሱ ይነሣል።
ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተኝቷል፤
ከወዲያ ኩራሞቶ ነው፣ ሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ የምናውቀው፣
እንግሊዝኛው እንደ አዲስ ጫማ የሚጠብበው።
ጎ… ዮን… ሳን… ኒ… ኢቺ…
«ኢቺ» ሲል፣ እኔ በሆዴ፦ ይቺን! ይቺን ብቻ እለፋት!

ከዚያ ዝምታ።
ስለ ነዳጁ ሳስብ ነበር በዚያች አፍታ፤
የውሃ ወላጆች ናቸው፣ እዚያ ሆድ ውስጥ የተጣሉ፣
ነደው ነደው ሲያበቁ፣ ተመልሰው ውሃ ይሆናሉ፤
ደመና ሊጠብቅ የሚወጣው፣
ራሱ ደመና ነው የሚያወጣው።

አሥር ደቂቃ። ሃያ። ቨርና እስክሪብቶዋን ታኝካለች።
ከዚያ ጭብጨባ፤ አንድ ወንበር ወደቀ፤
ኩራሞቶ ንግግሩን ረሳ፤ ተናፈጠና ሳቀ።
ቨርና አላጨበጨበችም። ስክሪኑ ላይ የአሮጌውን ነጥብ አየች፣
በጣቷ ነካ አደረገችውና «ሰማህ?» አለች።

ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ አልጠልቅ ብላ በእኩለ ሌሊት ስትንገላታ፣
ትእዛዙ መጣ፦ የቀረችውን ነዳጅ አቃጥሎ ይልቀቅ ቦታ።
የኛ ሙታን ወደ ታች ነው የሚወርዱ፤
የነሱ መቃብር ወደ ላይ ነው፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገዱ።
ቨርና ቁልፉን ተጫነች። ድምፁ ሳሳ፤ ሳሳ፤ ቀረ።
እኔ ውጭ ነበርኩ፤ የቀባሁት ጥርስ አጉረመረመ፣ ሳህኑ ወደ ሌላ ዞረ።

ኅዳር ላይ ካርቶን መጣ።
መንደሪን ነው፤ ሮኬቱ ከተነሣበት ደሴት፣ ከባሕር ማዶ፣
የፖስታ መኪና ውስጥ አድሮ፣ ድንጋይ የሆነ በረዶ።
ወረቀቱ «ለዓይኑ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።
አዎ፤ የሰው ሳህን ባዶ አይመለስም።
ቨርና ድርሻዋን በሚሞቀው ማሽን ጀርባ ደረደረች፣
ክፍሉ ልጣጭ ልጣጭ እስኪሸት ጠበቀች።
እኔ አልጠበቅኩም።
ከነበረዶው ነከስኩት፤
ጥርሴን እስካሁን ይጠዘጥዘኛል።