የጓዴ ስም

ገዳሪፍ፣ ድንኳን ሥር፣ ሌሊት ስም ሲጠራ፣
«ጓዴ፣ የስንዱ ልጅ!» የእሱ ደረሰ ተራ።
ጓዴ አልነበረም፤ ከሞተ ሳምንቱ፣
አፈር አልብሳው ነው የመጣች እናቱ።

እናትና አባቴን መንገድ ላይ አጥቼ፣
ካሮጌ ጎማ ሥር ነበርኩ ተኝቼ።
ብድግ አደረገችኝ፤ ባለፋኖሱ መጣና
«የማን ልጅ ነው?» ቢላት፣ «የኔ» አለችው ፈጥና።
ተገኘ ጠፋና፣ ጓዴ ተገኘና፣
አለፍን።

አፉላ ላይ ጸሐፊዋ «ጋዲ» አለች አሳጥራ፤
አራተኛ ፎቅ ሰጡን፣ ሊፍቱ የማይሠራ።
ዓርብ ማታ ማታ፣ ሰንበት ስትገባ፣
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እንደ ሌባ፣
«ተገኘ» ትለኝ ነበር፤ «አትርሳው ይሄን ስም፣
እናትህ ያወጣችው ነው፣ ማንም አይወስድህም።»

በየዓመቱ አንድ ቀን ለጓዴ ስታለቅስ፣
እኔው ጓዴ ነበርኩ እንባዋን የማብስ።
ቀንቼበት አውቃለሁ፣ አልዋሽም፣ አንዳንዴ፤
ፊቱን ሳላውቀው ነው ጓዴ የሆነኝ ጓዴ።

ዘንድሮ አልጋ ላይ፣ ጊልቦዓን እያየች፣
እሱንም እኔንም አንድ ላይ ረሳች።
ሾርባ ባቀርብላት ማንኪያውን ገፋችና
«የማን ልጅ ነህ?» አለች፣ እንደ እንግዳ፣ በትሕትና።

ጠጋ አልኩኝ እንደ ሌባ፤ «ያንቺ» አልኳት በቀስታ።
«ስምህስ?» አለችኝ፣ ቀና ብላ ለአፍታ።

ሾርባው እጄ ላይ በረደ፣
የናፈቃት የቱ እንደሆን
ጠፍቶኝ።